ጂሚ ሄንድሪክስና የአምፕሊፋየሩ ጩኸት

ድምፅን በኤሌክትሪክ ኃይል ማጉላት ከተጀመረበት ጊዜ አንሥቶ በሙያው የተሰማሩ ሰዎች ዋና ጥረት አንድ ነበር፤ ይኸውም ወደ መሣሪያው የገባው ድምፅ መጠኑ ብቻ አድጎ ጠባዩ ሳይለወጥ እንዲወጣ ማድረግ ነው። በመካከል የሚፈጠረው መዛባት፣ ጉምጉምታና ፉጨት ሁሉ እንደ ጉድለት ይቆጠር ነበር፤ ጉድለቱን ያሳነሰ መሣሪያ ጥሩ፣ ያበዛው መሣሪያ መጥፎ ይባል ነበር። በ1960ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ግን ከአሜሪካ ሰሜን ምዕራብ ጫፍ የተነሣ አንድ ወጣት ጊታር መቺ ይህንኑ ጉድለት ይዞ ለሙዚቃ አዲስ አንደበት አደረገው። ይህ ሰው ጂሚ ሄንድሪክስ ነው።

የሄንድሪክስ ስም ብዙ ጊዜ የሚወሳው በልብሱ ኅብር፣ በመድረክ ላይ ባቃጠለው ጊታርና በአጭሩ በተቀጨው ዕድሜው ነው። ለቴክኒክ ባለሙያ ግን ከዚህ ሁሉ ይልቅ ቁም ነገር የሚሆነው የሥራው ጠባይ ነው። ሙዚቀኛው ከመሐንዲሶች ጋር ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ እንዴት እንደ ሠራ፣ ሌሎች የጣሉትን ነገር በምን ዘዴ እንደ ገራው፣ በሥራው ይህን ያህል ጠንቃቃ የነበረ ሰው በፈረማቸው ውሎች ምክንያት ምን እንደ ደረሰበት መመርመር ይገባል። ከዚህ በታች የተመለከቱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነቱና የመጀመሪያ መሣሪያዎቹ

ሄንድሪክስ የተወለደው ኖቬምበር 27 ቀን 1942 በዋሽንግተን ግዛት፣ በሲያትል ከተማ ነው። ሲያትል በፓሲፊክ ጠረፍ የምትገኝ የወደብና የአውሮፕላን ፋብሪካ ከተማ ስትሆን፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሥራ ፍለጋ ብዙ ጥቁር አሜሪካውያን ይጎርፉባት ነበር። እናቱ ሉሲል ስትወልደው ገና የ17 ዓመት ልጅ ነበረች። አባቱ አል ሄንድሪክስ በጦር ሠራዊት ውስጥ ሆኖ ከአገሩ ርቆ ስለነበረ ልጁን ያየው ሦስት ዓመት ሊሞላው ሲቃረብ ነው። ሕፃኑ በመጀመሪያ ጆኒ አለን ተብሎ ነበር፤ አባቱ በ1946 ስሙን ለውጦ ጄምስ ማርሻል አለው።

ቤተሰቡ በድህነት የተጎሳቆለ ነበር። ወላጆቹ በ1951 ተፋቱ፤ እናቱም በ1958፣ እሱ የ15 ዓመት ልጅ ሳለ፣ አረፈች። አባቱ የሰው አትክልት በመንከባከብ ኑሮውን ይገፋ ነበር፤ ልጁም አብሮት ይሠራ ነበር። አያቶቹ በአባቱ በኩል በልዩ ልዩ ከተሞች እየተዘዋወሩ ትርኢት ያሳዩ የነበሩ የመድረክ ሰዎች ሲሆኑ፣ በኋላ በካናዳ በቫንኩቨር ከተማ ተቀምጠዋል። ምናልባትም የሙዚቃና የመድረክ ፍቅር በዘር የመጣ ሳይሆን አይቀርም።

ልጁ መሣሪያ ከማግኘቱ በፊት መጥረጊያ ታቅፎ እንደ ጊታር ይመታ ነበር። በ1957 ከአባቱ ጋር የአንዲት አሮጊት ቤት ሲያጸዱ ከቆሻሻው መካከል አንድ ክር ብቻ የቀረው ዩኩሌሌ አገኘ፤ በዚያች በአንዲት ክርም የሰማውን ዜማ ሁሉ እየፈለገ ማውጣት ያዘ። በተከተለው ዓመት በ5 ዶላር አሮጌ ጊታር ገዛ፤ በ1959 ደግሞ አባቱ የመጀመሪያውን የኤሌክትሪክ ጊታር ገዛለት። ሄንድሪክስ ግራኝ ነበር፤ መሣሪያው ግን የተሠራው ለቀኝ እጅ ነው። ስለዚህ ጊታሩን ገልብጦ ይዞ ክሮቹን እንደገና በመደርደር መጫወት ለመደ። ይህ ለጊዜው ችግርን መወጫ የሆነ ዘዴ በኋላ በድምፁ ላይ ያስከተለው ነገር እንደሚኖር ያን ጊዜ የገመተ አልነበረም።

መምህሩ ሸክላ ነበር። የመዲ ዋተርስን፣ የቢ ቢ ኪንግንና የሃውሊን ዎልፍን ሸክላዎች ደጋግሞ በመስማት ብሉዝን ተማረ። ብሉዝ በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች በጥቁር ሕዝብ መካከል የተወለደ ሙዚቃ ሲሆን፣ ዜማው ብዙ ጊዜ በአምስት ድምፆች ላይ ስለሚመላለስ የክራርንና የማሲንቆን ቅኝት ለለመደ ጆሮ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። የጊታሩ መቺ ክሩን በጣቱ እየገፋ ድምፁን ከቦታው ከፍ ያደርገዋል፤ እንደ ለቅሶ ሆኖ የሚሰማው ይህ ነው። በሌላ በኩል የሲያትልና የታኮማ አካባቢ የራሱ የሆነ ጩኸታምና ኃይለኛ የሮክ ባንዶች ነበሩት፤ እነዚህም በሁለቱ ከተሞች መካከል በነበረው ስፓኒሽ ካስል በተባለ የዳንስ አዳራሽ ይጫወቱ ነበር። ሄንድሪክስ በዝና ዘመኑ ለዚህ አዳራሽ መታሰቢያ የሆነ ዘፈን ሠርቷል። ብሉዙ ከሸክላ፣ ጉልበቱ ደግሞ ከተወለደበት አካባቢ የመጣ ነው ማለት ይቻላል።

ከአየር ወለድ ጦር እስከ ኒው ዮርክ

ሄንድሪክስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን አልፈጸመም። በ1961 በተሰረቀ መኪና ውስጥ ሁለት ጊዜ በመያዙ ከእስራትና ከውትድርና አንዱን እንዲመርጥ ተደረገ፤ ውትድርናንም መርጦ በ101ኛው አየር ወለድ ክፍለ ጦር በኬንታኪ፣ በፎርት ካምቤል ሰፈር ተመደበ። በዚያም ቢሊ ኮክስ ከተባለ ቤዝ ጊታር መቺ ጋር ተዋወቀ፤ ኮክስ በወታደሮች ክበብ አጠገብ ሲያልፍ የሰማውን ጊታር ተከትሎ ነበር የገባው። ይህ ወዳጅነት እስከ ሄንድሪክስ መጨረሻ ዘልቋል። ሄንድሪክስ ግን ለወታደርነት የተፈጠረ ሰው አልነበረም፤ በ1962 ለአገልግሎቱ ተስማሚ አይደለም ተብሎ ተሰናበተ።

ከዚያ በኋላ የነበሩት አራት ዓመታት የልምምድ ዘመን ናቸው። በዘር ልዩነት ሕግ ምክንያት ለጥቁር አድማጮች ብቻ በተለዩት የደቡብ ግዛቶች አዳራሾች እየተዘዋወረ ለልዩ ልዩ ዘፋኞች አጃቢ ሆነ። በ1964 ከአይዝሊ ወንድማማቾች ጋር፣ ቀጥሎም ከሊትል ሪቻርድ ጋር ሠርቷል። የአጃቢ ሥራ ሥነ ሥርዓት የሚጠይቅ ነው፤ ዩኒፎርም መልበስ፣ በሰዓቱ መገኘት፣ ከዋናው ዘፋኝ በልጦ አለመታየት ግዴታ ነው። ሄንድሪክስ ከእነዚህ ሁሉ ጋር ተጣልቷል። ይሁን እንጂ የአጃቢነቱን ጥበብ፣ ማለት ዜማውንና ምቱን በአንድ ጊዜ በአንድ ጊታር መያዝን፣ የተማረው በዚሁ ዘመን ነው።

በዚህ የችግር ጊዜ የፈጸመው አንድ ተግባር መላ ሕይወቱን ተከትሎታል። በኦክቶበር 1965 በኒው ዮርክ ከአንድ አነስተኛ የሙዚቃ አሳታሚ ጋር የሦስት ዓመት ውል ፈረመ። በቅድሚያ የተከፈለው 1 ዶላር ሲሆን፣ ከሽያጭ የሚያገኘው ድርሻ ከመቶ 1 እጅ ነበር። ወጣቱ ወረቀቱን እንደ ቀላል ነገር ቆጥሮት ከፈረመ በኋላ የረሳው ይመስላል፤ ወረቀቱ ግን እሱን አልረሳውም።

በ1966 በጋ ግሪንዊች ቪሌጅ በተባለው የኒው ዮርክ ሰፈር፣ ካፌ ዋ በሚባል ቤት የራሱን ባንድ ይዞ ሲጫወት ቻስ ቻንድለር አየው። ቻንድለር የእንግሊዙ አኒማልስ ባንድ ቤዝ ጊታር መቺ የነበረና መጫወቱን ትቶ የሙዚቀኞች ሥራ አስኪያጅ ለመሆን የሚያስብ ሰው ነው። ሴፕቴምበር 24 ቀን 1966 ሁለቱ ለንደን ገቡ። የስሙ አጻጻፍ ጂሚ ሆኖ የተለወጠውም በዚያን ጊዜ ነው። በጊታር መቺነት ሊፈተን መጥቶ የነበረው ኖኤል ሬዲንግ ቤዝ ጊታር እንዲይዝ ተደረገ፤ ጃዝ የሚወደው ሚች ሚቸል በድራም ተጨመረ። የጂሚ ሄንድሪክስ ኤክስፒሪየንስ የተባለው የሦስት ሰዎች ባንድ በዚህ ሁኔታ ተቋቋመ፤ የመጀመሪያውን ትርኢትም በኦክቶበር 1966 በፈረንሳይ አገር አሳየ።

የድምፁ አሠራር

በዚያን ዘመን በካሊፎርኒያና በለንደን ሳይከዴሊክ የሚባል ስልት ተስፋፍቶ ነበር። ይህ ስልት አእምሮን ከሚለውጡ ዕፆች ጋር በተያያዘው የወጣቶች ባህል ውስጥ የበቀለ ሲሆን፣ በድምፅ በኩል የገደል ማሚቶ የመሰለ ማስተጋባትን፣ ወደ ኋላ የሚዞር ቴፕንና ከተለመደው ውጭ የሆነ የድምፅ ቀለምን የሚወድ ነው። ኤክስፒሪየንስ ብሉዝን ከዚህ ስልት ጋር አዋሐደ። ውሕደቱ የተሳካው ደግሞ በመሣሪያዎቹ አጠቃቀም ነው።

ዋናው መሣሪያ ፌንደር ኩባንያ በ1954 ለገበያ ያቀረበው ስትራቶካስተር የተባለ ጊታር ነበር። በጊታሩ አካል ላይ፣ ከክሮቹ ሥር፣ ሦስት ፒካፖች አሉ፤ እያንዳንዱ ፒካፕ በማግኔቶች ዙሪያ የተጠመጠመ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ነው። የብረት ክሩ ሲንቀጠቀጥ መግነጢሳዊው መስክ ይናወጣል፤ በሽቦውም ውስጥ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ሞገድ ይፈጠራል። ከክሮቹ መቀመጫ አጠገብ ያለው ፒካፕ ሰያፍ ሆኖ የተሠራው ቀጭኖቹ ክሮች ስል ድምፅ እንዲሰጡ ታስቦ ነው። ሄንድሪክስ ጊታሩን ሲገለብጠው ሰያፉም አብሮ ተገለበጠ፤ በዚህም ወፍራሞቹ ክሮች ይበልጥ ጥርት ሲሉ ቀጭኖቹ ለሰለሱ። ከመቀመጫው ጋር የተያያዘው የድምፅ ማርገብገቢያ ዘንግም ወደ ላይ ስለ ዞረ ለእጁ ቀረበለት። በተጨማሪም ክሮቹን ከተለመደው ቅኝት በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያደርግ ስለነበር፣ ለመግፋትና ለመሳብ ይላሉለት ነበር።

ከጊታሩ የሚወጣው ሞገድ የሚገባው 100 ዋት ኃይል ወዳለው የማርሻል አምፕሊፋየር ነበር። ጂም ማርሻል በምዕራብ ለንደን የሙዚቃ መሣሪያ ሱቅ የነበረው የድራም መምህር ሲሆን፣ ከቴክኒሺያኖቹ ጋር ኃይለኛ አምፕሊፋየር መሥራት የጀመረው የሮክ ሙዚቀኞች ስለ ጠየቁት ነው። ሚች ሚቸል ቀደም ሲል በዚሁ ሱቅ ሠርቶ ስለነበር ሄንድሪክስን ከባለቤቱ ጋር አገናኘው፤ የአጋጣሚ ነገር ሆኖ ሁለቱም ሰዎች ስማቸው ጄምስ ማርሻል ነበር። የአምፕሊፋየሩ ቫልቮች ከአቅማቸው በላይ ሲገፉ የሞገዱ ጫፍ ይቆረጣል፤ ከመሠረታዊው ድምፅ በላይ ያሉ ተጓዳኝ ድምፆችም ይወለዳሉ። መሐንዲሱ መዛባት የሚለው ይህን ነው። ለጊታር መቺው ግን ድምፁን የሚያወፍርና ቶሎ እንዳይከስም የሚያደርግ ሆኖ ተገኘ።

ድምፁ ከእስፒከሩ ወጥቶ በአየር ውስጥ ሲመለስ የጊታሩን ክሮች እንደገና ያንቀጠቅጣል፤ ያም ተመልሶ ይጎላል፤ ዑደቱ ካልተቋረጠ ማለቂያ የሌለው ጩኸት ይሆናል። ፊድባክ የሚባለው ይህ ነው፤ በስብሰባ አዳራሽ ማይክሮፎን ሲያፏጭ ሰው ሁሉ ጆሮውን የሚይዝበት ምክንያትም ይኸው ነው። ሄንድሪክስ ከእስፒከሩ ያለውን ርቀትና የጊታሩን አቅጣጫ እየለዋወጠ፣ የማይፈልጋቸውን ክሮች በእጁ እያፈነ፣ የትኛው ድምፅ እንደሚነሣ በምርጫው መወሰን ቻለ። ፊድባክን በሙዚቃ ውስጥ በማስገባት የመጀመሪያው እሱ አይደለም፤ ከእሱ በፊት የሞከሩ የእንግሊዝ ጊታር መቺዎች ነበሩ። እሱ ግን አጋጣሚውን ወደ ቁጥጥር አሸጋገረው፤ ለቀረጻ ብቻ ሳይሆን በየመድረኩ ደጋግሞ ሊያወጣው የሚችል አደረገው።

በእግር ከሚረገጡት አነስተኛ መሣሪያዎች አንዱ ፈዝ ፌስ ነበር። በውስጡ ሁለት የጀርማኒየም ትራንዚስተሮች ብቻ ያሉት ሲሆን፣ ሞገዱን ሆን ብሎ ይቆርጣል። የጀርማኒየም ጠባይ ከአንዱ ትራንዚስተር ወደ ሌላው ስለሚለያይና በሙቀት ስለሚለዋወጥ ጥሩውን መርጦ ማግኘት ራሱ ሥራ ነበር። ሁለተኛው ዋው ዋው የተባለው ፔዳል ነው፤ ይህም እንደ ሰው አፍ መከፈትና መዘጋት ድምፁን በተወሰነ ፍሪኩዌንሲ ላይ ከፍ እያደረገ ቦታውን በእግር ያዘዋውራል። ሦስተኛውን፣ ማለት ኦክታቪያ የሚባለውን፣ የሠራው ሮጀር ሜየር ነው። ሜየር ከዚህ ቀደም ለብሪታንያ ባሕር ኃይል መሥሪያ ቤት በድምፅና በንዝረት ምርምር የሠራ ባለሙያ ነበር። የኦክታቪያ ሥራ ለማንኛውም የኤሌክትሪክ ተማሪ ግልጽ ነው፤ የሞገዱን የታችኛውን ግማሽ በሬክቲፋየር ወደ ላይ ይገለብጠዋል፤ ፍሪኩዌንሲው እጥፍ ስለሚሆን ከተመታው ድምፅ በአንድ ኦክታቭ ከፍ ያለ ሌላ ድምፅ አብሮ ይሰማል። በ1967 በተቀረጸው «ፐርፕል ሄዝ» በተባለው ዘፈን ውስጥ የጊታሩ ድምፅ እንግዳ የሆነው በዚህ ነው።

እነዚህ መሣሪያዎች ለማንም በገበያ የሚገኙ ወይም ሊሠሩ የሚችሉ ነበሩ። ልዩነቱ የሄንድሪክስና የሜየር ግንኙነት ነበር። ሙዚቀኛው የሚፈልገውን የሚገልጸው በቀለምና በስሜት እንጂ በቁጥር አልነበረም፤ መሐንዲሱ ያንን ወደ ሰርኪዩት ይተረጉመዋል፤ ሠርቶም ያመጣዋል፤ ተሞክሮም ይታረማል። ከትርኢት ወደ ትርኢት መሣሪያው የሚሻሻለው በዚህ ዓይነት ምልልስ ነበር።

በስቱዲዮ ውስጥ

የባንዱ የመጀመሪያ አልበም በሜይ 1967 በብሪታንያ ወጣ። በዚያው ዓመት ጁን 18 ቀን በካሊፎርኒያ፣ በሞንተሬይ የሙዚቃ በዓል ላይ ሄንድሪክስ ጊታሩን በእሳት አቃጠለ፤ በተወለደበት አገር ዝናው የገነነው ከዚህ በኋላ ነው። ይህ ትርኢት ብዙ ስለተነገረለት እዚህ ላይ መዘርዘር አያስፈልግም። ይልቅስ ሳይታይ በስቱዲዮ ውስጥ የተከናወነው ሥራ ትኩረት ይገባዋል።

በለንደን ኦሊምፒክ ስቱዲዮ የሄንድሪክስ ዋና የሥራ ጓደኛ የደቡብ አፍሪካ ተወላጅ የሆነው የድምፅ መሐንዲስ ኤዲ ክሬመር ነበር። የነበራቸው የቴፕ መሣሪያ አራት መስመር ብቻ ነበረው። አራቱም ሲሞሉ ወደ ሌላ ቴፕ አጠቃለው በመገልበጥ አዲስ ቦታ ይከፍቱ ነበር፤ በእያንዳንዱ ቅጂም የቴፑ ሹክሹክታ ስለሚጨምር ሚዛኑን አስቀድሞ መወሰን ግድ ነበር። በዲሴምበር 1967 የወጣው ሁለተኛው አልበም፣ «አክሲስ፦ ቦልድ አዝ ላቭ»፣ የተዘጋጀው በዚህ መንገድ ነው። አልበሙ ሊጠናቀቅ ሲል ሄንድሪክስ የአንደኛውን ገጽ ዋና ቴፕ ታክሲ ውስጥ ረስቶ ጠፋ። ቻንድለር፣ ክሬመርና ሄንድሪክስ በአንድ ሌሊት የገጹን ዘፈኖች ሚዛን እንደገና ሠሩ። አንዱ ዘፈን ግን የቀድሞው ያህል አልሆን አላቸው፤ ሬዲንግ ጋር አንድ ቅጂ ተገኘ፤ ቴፑ ተጨማዶ ስለነበር በካውያ ተተኩሶ ተቃና፤ ሸክላውም ከዚያ ተዘጋጀ።

ሦስተኛው አልበም «ኤሌክትሪክ ሌዲላንድ» በአብዛኛው የተሠራው በኒው ዮርክ፣ 12 መስመር ባለው ስቱዲዮ ሲሆን፣ በኦክቶበር 1968 ወጥቶ በአሜሪካ የሽያጭ ዝርዝር አንደኛ ሆነ። ነገር ግን የመስመሩ ብዛት ጣጣም አመጣ። ሄንድሪክስ አንድን ዘፈን ከ40 ጊዜ በላይ ደጋግሞ ይቀርጽ ነበር፤ ስቱዲዮውም በወዳጅና በእንግዳ ይጨናነቅ ነበር። በጀትና ጊዜ ጠባቂ የነበረው ቻንድለር ታግሦ ታግሦ በመጨረሻ ሥራውን ለቀቀ። ከዚህ በኋላ ሥራ አስኪያጅነቱ በማይክል ጄፍሪ እጅ ብቻ ቀረ፤ በቂ ነው፣ እዚህ ላይ ይቁም የሚለው ሰው ግን ጠፋ። ሄንድሪክስ በሕይወት ሳለ ሌላ የስቱዲዮ አልበም አልወጣለትም።

ዉድስቶክና የውሉ ጣጣ

ሬዲንግ በጁን 1969 ከባንዱ ተለየ። ሄንድሪክስ የውትድርና ጓደኛውን ቢሊ ኮክስን አስጠርቶ ሰፋ ያለ ባንድ አቋቋመና በኒው ዮርክ ግዛት በዉድስቶክ በዓል መደምደሚያ ላይ ቀረበ። ፕሮግራሙ ስለተጓተተ መድረክ ላይ የወጣው ሰኞ፣ ኦገስት 18 ቀን 1969 ጧት ነው፤ ከበዓሉ ታዳሚ አብዛኛው ወደ ቤቱ ሄዶ ነበር። በዚያን ጊዜ በቬትናም ጦርነት ብዙ ወጣቶች ያልቁ ነበር። ሄንድሪክስ የአሜሪካን ብሔራዊ መዝሙር በጊታር ብቻ ተጫወተ፤ በዜማው መካከልም ፊድባኩን፣ ፈዙንና የማርገብገቢያውን ዘንግ በመጠቀም የቦምብ መውረድን፣ የአውሮፕላንን ማጓራትና የሰውን ዋይታ የመሰለ ድምፅ አሰማ። የገዛ አገሩ አየር ወለድ ወታደር የነበረ ሰው መዝሙሩን በዚህ ዓይነት ማቅረቡ አንዳንዱን አስቆጣ፤ ብዙዎችን አስለቀሰ። ሐዘኑንና ቁጣውን የተሸከመው ግጥም ሳይሆን መሐንዲሶች ለማጥፋት ሲታገሉት የኖሩት ጩኸት ነበር።

በዚሁ ወራት የ1965ቱ ውል ተነሣ። ሄንድሪክስ ወደ ለንደን ሲሄድ ሥራ አስኪያጆቹ ከሌሎች ጋር የነበሩትን ውሎች ዘግተው ነበር፤ ይህን ግን አላወቁም ነበር። ስሙ በገነነ ጊዜ አሳታሚው መብቱን ይዞ ፍርድ ቤት ቀረበ። በአሜሪካ በተደረገው ስምምነት መሠረት ሄንድሪክስ ከሌሎች ጥቅሞች ጋር አንድ ሙሉ አልበም ለዚሁ ወገን ለማስረከብ ተገደደ። ግዴታውን ለመወጣት ከቢሊ ኮክስና ከድራም መቺው ከበዲ ማይልስ ጋር፣ በ1969 መጨረሻና በ1970 መጀመሪያ ቀን በኒው ዮርክ ፊልሞር ኢስት አዳራሽ የተጫወቱት ተቀርጾ በማርች 1970 ወጣ። ስለ ጦርነት የተሠራው ረጅሙ «ማሽን ገን» የሚገኘው በዚህ አልበም ነው። ከምርጥ ሥራዎቹ አንዱ በአንድ ዶላር ለተፈረመ ወረቀት ካሣ ሆኖ ተከፈለ ማለት ነው።

የራሱ ሥራ ቤት

የስቱዲዮ ኪራይ ከባድ ወጪ ስለሆነበት ሄንድሪክስ የራሱን ቤት ለመሥራት አሰበ። በ1968 ከጄፍሪ ጋር በግሪንዊች ቪሌጅ፣ በ8ኛው መንገድ ላይ ያለ የምድር ቤት የምሽት ክበብ ገዝቶ ነበር፤ ክሬመር ክበቡ ስቱዲዮ ቢሆን ይሻላል ብሎ መከረ። ንድፉ የተሰጠው ከዩኒቨርሲቲ ገና ለወጣው ለአርክቴክት ጆን ስቶሪክ ሲሆን፣ ዕድሜው 22 ዓመት ነበር። ሥራው ሲጀመር ከመሬት በታች የሚሄድ ሚኔታ የተባለ ጅረት ገባር በቦታው ሥር እንደሚያልፍ ታወቀ፤ ዝናብ ሲዘንብ ጉድጓዱ በውሃ ተጥለቀለቀ። ውሃውን የሚያወጡ ፓምፖች ተተከሉ፤ የፓምፖቹ ድምፅ ደግሞ ወደ ቀረጻው ክፍል እንዳይገባ መታፈን ነበረበት። ፈቃዱ ተጓተተ፤ ወጪው ወደ እጥፍ ተጠግቶ 1 ሚሊዮን ዶላር ያህል ደረሰ፤ ከሸክላ ኩባንያው ብድር ተወሰደ። ብድሩን ለመክፈል ሄንድሪክስ ለዕረፍት ሳይቆም ከከተማ ወደ ከተማ መዞር ግድ ሆነበት።

ኤሌክትሪክ ሌዲ የተባለው ይህ ስቱዲዮ ኦገስት 26 ቀን 1970 ተመረቀ። ሄንድሪክስ ግንባታው ሳያልቅ ጀምሮ በዚያ የሠራው ጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው። ወዲያው ለትርኢት ወደ አውሮፓ ተጓዘ፤ በእንግሊዝ አይል ኦቭ ዋይት፣ ቀጥሎም ሴፕቴምበር 6 ቀን በጀርመን ፌማርን ደሴት ተጫወተ፤ ይህም የመጨረሻው ሆነ። ሴፕቴምበር 18 ቀን 1970 በለንደን የእንቅልፍ መድኃኒት ከመጠን በላይ ወስዶ ራሱን በሳተበት ሁኔታ በትውከት ታፍኖ ሞተ። መርማሪው የሞቱን ሁኔታ በተመለከተ ቁርጥ ያለ ውሳኔ ሳይሰጥ ቀረ። ዕድሜው 27 ዓመት ነበር። ኦክቶበር 1 ቀን በሲያትል አጠገብ በሬንተን ተቀበረ።

ያስተላለፈው

ሄንድሪክስ ኑዛዜ አልተወም፤ ያላለቁ ቴፖች ግን ብዙ ነበሩ። ክሬመርና ሚቸል ከእነዚሁ መርጠው ያዘጋጁት አልበም በ1971 ወጣ። በ1975 ደግሞ ሌሎች ሰዎች ከሞተ በኋላ የአጃቢዎቹን ድምፅ አስወጥተው በሌሎች ሙዚቀኞች ተክተው ያወጡት ሥራ ነበረ፤ ይህም ብዙ ወቀሳ አስከትሏል። አባቱ አል ሄንድሪክስ የልጁን ሥራ መብት ለማስመለስ ተሟግቶ በ1995 አገኘ። በ1997 ቤተሰቡና ክሬመር ተባብረው ሄንድሪክስ አቅዶት ለነበረው አልበም በተቻለ መጠን የቀረበ አንድ ሥራ አሳትመዋል። ስቱዲዮው በሕይወት ኖሮ ለሌሎች ጠቅሟል፤ ስቲቪ ዎንደር በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከታወቁት አልበሞቹ አንዳንዶቹን በዚያ ቀርጿል። ጆን ስቶሪክም በዚህ ሥራ ጀምሮ ዕድሜውን በስቱዲዮ ንድፍ ላይ አውሏል።

ከዚህ ሕይወት ለሙያ ሰው የሚተርፉ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ስለ ጉድለት ነው። መዛባቱ በንግግር ማጉያ ውስጥ ጉድለት ነው፤ በሬዲዮ መቀበያ ውስጥም ጉድለት ነው፤ በሄንድሪክስ እጅ ግን ሙዚቃ ሆነ። በፊዚክስ ሕጉ በኩል የተለወጠ ነገር አልነበረም፤ የተለወጠው የሥራው ዓላማና የተቆጣጣሪው ችሎታ ነው። ይህ ማለት ግን ማንኛውም ጩኸት ጥበብ ይሆናል ማለት አይደለም። ሄንድሪክስ ጩኸቱን የገዛው ለዓመታት በአጃቢነት ምትና ዜማ ከተማረ፣ መሣሪያውንም በየቀኑ ከፈተነ በኋላ ነው። ሮጀር ሜየርም የአንድን ሰው እንግዳ ፍላጎት ሳይንቅ ሰምቶ ወደ ሰርኪዩት ባይለውጠው ኖሮ ኦክታቪያ አይኖርም ነበር።

ሁለተኛው ስለ ሥራው ባለቤትነት ነው። በአንድ ዲግሪ የጊታሩን አቅጣጫ የሚያስተካክል፣ አንድን ዘፈን አርባ ጊዜ የሚደግም ሰው የፈረመውን ወረቀት አንድ ጊዜ በጥንቃቄ አለማንበቡ ብዙ አስከፍሎታል። ገንዘቡ፣ ጊዜውና ጤናው ያለቀው ሥራው በፈለገው ጉልበት ብቻ አይደለም፤ ውል፣ ዕዳና ክርክር በጠየቁትም ጭምር ነው። የሚያስፈልገውን ቤት በገዛ እጁ ሠርቶ በጨረሰ በወሩ ውስጥ ሞተ። በሠላሳዎቹና በአርባዎቹ ዕድሜው በዚያ ቤት ምን ይሠራ እንደነበር የሚነግር ቴፕ የለም። የተቀሩት ሦስት የስቱዲዮ አልበሞችና የመድረክ ቅጂዎች ግን ጊታር የሚይዝና አምፕሊፋየር የሚሠራ ሰው ሁሉ ዛሬም እየተመለሰ የሚመረምራቸው ሆነው ይኖራሉ።